ክፍት ነው የተባለው ስልካችሁ የተዘጋው የቱ ጋ ነው?

ስልካችሁን አውጡና አንድ ነገር አብረን እንይ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና እስከ መጨረሻው ወርዳችሁ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ የአንድሮይድ ስሪት፣ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ ቀን እና የከርነል ስሪት የሚሉ መስመሮች አሉ (አንዳንድ አምራቾች «የሶፍትዌር መረጃ» በሚል ሌላ ገጽ ውስጥ ይከቷቸዋል)። የከርነሉ ቁጥር በ4.14 የሚጀምር ከሆነ፣ ያ ስሪት መጀመሪያ የወጣው በ2017 ነው። 4.19 ከሆነ በ2018፣ 5.10 ከሆነ ደግሞ በ2020። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስልኩን ትናንት ከነካርቶኑ ገዝታችሁት ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ግን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይህ ቁጥር ይነግራችኋል።

ከርነል የምንለው የስርዓተ ክወናውን እምብርት ነው። አፕ ካሜራውን ወይም ስክሪኑን በቀጥታ አይነካም፤ ከርነሉን ይጠይቃል፣ ከርነሉ ያዛል። በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጽፉታል። ክፍት ምንጭ ነው፤ ማለትም የተጻፈበትን ኮድ ማንም ማንበብ፣ መቀየርና የቀየረውን መልሶ ማከፋፈል ይችላል። ከከርነሉ በላይ ያለው የአንድሮይድ ዋና ክፍልም ኮዱ ለሕዝብ ወጥቷል።

ታዲያ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ስክሪኑም ባትሪውም ደህና የሆነ ስልክ ለምን አፕዴት ይቀርበታል? ዋትስአፕ ከአንድሮይድ 5 በታች ያሉትን ስልኮች ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ትቷቸዋል። ስልኮቹ እኮ አልተሰበሩም። አምራቻቸው ወደ ቀጣዩ ስሪት ስላላሻገራቸው ብቻ ነው እዚያ የቀሩት።

መልሱ «ክፍት» የሚለው ቃል ከስልኩ አናት እስከ እግሩ እኩል ስለማይሠራ ነው። ከአናቱ እንጀምር፣ እሱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች አማርኛ ሲላክላችሁ ምን ይታይ ነበር? ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች፣ ተደርድረው። መልእክቱ አልተበላሸም ነበር። የግዕዝ ፊደላት ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ለምሳሌ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ናት። ስልኩ ቁጥሩን በትክክል ተቀብሏል። የጎደለው ለቁጥሩ የሚሳለው ቅርጽ፣ ማለትም ፎንቱ ነበር። ፎንት ደግሞ አንድ ፋይል ነው፣ የሚቀመጥበትም ቦታ ይታወቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ስልኩን «ሩት» አድርጎ፣ ማለትም አምራቹ ለራሱ ያስቀረውን የአዛዥነት መብት ወስዶ፣ የአማርኛ ፎንት በእጁ አስገባ። ቆይቶ የግዕዝ ፎንት ከአንድሮይድ ጋር አብሮ መምጣት ጀመረና ነገሩ ተረሳ። እንግዲህ ላይኛው ንብርብር ላይ ክፍትነት ይህን ይመስላል፤ የጎደለህን አይተህ ትሞላለህ።

ታች ስንወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህን በደንብ የሚያሳየው ከአንድሮይድ በፊት የተጀመረ ታሪክ ነው። ኖኪያ በ2005 መጨረሻ ኖኪያ 770 የሚባል መሣሪያ አወጣ። ስልክ አልነበረም፣ ሲም ካርድም አይቀበልም፤ በዋይፋይ ኢንተርኔት የሚከፍት፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ታብሌት ነው። የሚሠራበት ማኤሞ የተባለ ስርዓት መሠረቱ ሊኑክስ ነበር። ከዚያ ኤን800 እና ኤን810 ተከተሉ፤ በ2009 ደግሞ ስልክም የሆነው ኤን900 መጣ። ብዙ ፕሮግራመሮች ይህን መሣሪያ ወደዱት፤ ያለ ምንም መስበር የአዛዥነቱን መብት ይሰጣችሁ ነበርና። በፌብሩዋሪ 2011 ኖኪያ ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ስልኮቹን ወደ ዊንዶውስ ፎን አዞረ፤ ኤን900 የያዙ ሰዎችም «ችግር የለም፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ እኛ እናስቀጥለዋለን» ለማለት ቻሉ።

እውነት ክፍት ነበር? አዲስ ስርዓት የጫነ ሰው ወዲያው የሚገጥመውን ልንገራችሁ፤ ባትሪው ቻርጅ አያደርግም። ቻርጅ የማድረጉን ሥራ የሚቆጣጠረው ቢኤምኢ የሚባል ፕሮግራም ኮዱ የተዘጋ ነበር፣ የሚሠራውም በማኤሞ ውስጥ ብቻ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ የተለመደ የሊቲየም ባትሪ ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ሊግል፣ ሊቃጠልም ይችላል። አምራች ይህን ጉዳይ ለማንም ክፍት መተው ቢያስፈራው አይገርምም። ውጤቱ ግን የሚያስቅ ነው፤ ሺህ ሰው የጻፈው ክፍት ስርዓት በአንዲት ዝግ ፕሮግራም ምክንያት ከባትሪው ጋር ይሞታል።

ችግሩ የተፈታው እንዲህ ነው። ቻርጅ የሚያደርገውና የባትሪውን መጠን የሚለካው ቺፕ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበሩ፤ ኩባንያው ደግሞ የቺፖቹን ዝርዝር ሰነድ ለሁሉም አውጥቶታል። በጎ ፈቃደኞች ሰነዱን አንብበው የራሳቸውን ድራይቨር ጻፉ፤ ያ ሥራ ዛሬ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ይገኛል። የግራፊክስ ቺፑ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ሰነዱ ስላልወጣ ድራይቨሩ ዝግ እንደሆነ ቀረ። በአንድ ስልክ ውስጥ ያሉ ሁለት ቺፖች፣ ሁለት የተለያየ ዕጣ።

ድራይቨር ማለት ከርነሉ ከአንድ ቺፕ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። የሊኑክስ ከርነል ውስጡን በየስሪቱ ይቀያይራል፤ ለድራይቨሮች ብሎ የድሮውን አሠራር ጠብቆ ለማቆየት ቃል አይገባም። ኮዱ ከከርነሉ ጋር አብሮ ያለ ድራይቨር ችግር የለበትም፤ ውስጡን የሚቀይረው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ያስተካክለዋል። ዝግ ሆኖ ከውጭ የመጣ ድራይቨር ግን ለአንድ የበር ቁልፍ የተሞረደ መክፈቻ ነው። ቁልፉ ሲቀየር አይገባም፣ እንደገና ሊሞርደው የሚችለውም ናሙናው በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቺፑን የሠራው ኩባንያ ነው፤ ለአሮጌ ቺፕ መሥራት ገንዘብ አያመጣለትም። ስለዚህ የስልኩ ከርነል የመጀመሪያው ስሪት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ያያችሁት 4.14 እዚያ የቆመው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

ጎግል በ2017 በአንድሮይድ 8 ትሬብል የሚባል አሠራር አስገብቷል፤ የቺፑን ድራይቨሮች ከላይኛው አንድሮይድ ለይቶ፣ አንዱ ሳይነካ ሌላው እንዲቀየር ለማድረግ። ረድቷል፣ ግን ከርነሉን ራሱን ወጣት አላደረገውም።

ቺፕ ሠሪው ሲያቆም ሌላ ሰው ሊቀጥል ይችላል? ይችላል፣ ላብ ይጠይቃል እንጂ። የኔዘርላንዱ ፌርፎን በ2015 ያወጣው ፌርፎን 2 የያዘው ቺፕ ከአንድሮይድ 6 በኋላ የቺፕ ሠሪውን ድጋፍ አጣ። ኩባንያው ግን ሊኒኤጅኦኤስ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች አንድሮይድ ከሚሠሩ ሰዎች ሥራ እየተጠቀመ እስከ አንድሮይድ 10 አደረሰው፤ ድጋፉ ያበቃው በ2023 ነው። ለአንድ ስልክ ሰባት ዓመት! በእኔ ግምት ይህ ምሳሌ ከብዙ ክርክር ይበልጣል፤ «ሃርድዌሩ አርጅቷል» የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ የሃርድዌር ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያልና።

አንድ ሌላ በር ይቀራል። ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም፣ ሊጭነው ያለው ስርዓት የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ይመረምራል። ፊርማው ከሌለ አይጭንም። ሌባ በስልካችሁ ላይ የፈለገውን እንዳይጭን ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ባለቤቱንም አብሮ ይከለክላል። የሊኑክስ ፈቃድ፣ የጂፒኤል ሁለተኛው እትም፣ አምራቹ የቀየረውን ኮድ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። እናንተ የቀየራችሁት ኮድ በስልኩ ላይ እንዲሠራ መፍቀድ እንዳለበት ግን በግልጽ አይናገርም። በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሯል፤ ሊኑክስ ግን በሁለተኛው ላይ ቆይቷል። ስለዚህ ኮዱን በሕግ ማግኘት፣ ማንበብ፣ ማሻሻልም ትችላላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ለመጫን ግን አምራቹን ማስፈቀድ ሊኖርባችሁ ነው።

እንግዲህ ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ወይም የእናታችሁን አሮጌ ስልክ ነፍስ ልትዘሩበት ካሰባችሁ፣ ከራሙና ከካሜራው በፊት ሁለት ነገር እዩ፤ ቡትሎደሩ ይከፈታል ወይ? የስልኩ ሞዴል፣ ከነፊደሉና ከነቁጥሩ፣ ሊኒኤጅኦኤስ በሚደግፋቸው ስልኮች ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ? አንድ ፊደል ብቻ የሚለያያቸው ሞዴሎች የተለያየ ቺፕ ሊይዙ ይችላሉ፣ የአንዱ ስርዓት በሌላው ላይ ከተጫነ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። አንዳንድ የባንክ አፖችም አምራቹ ያልፈረመበትን ስርዓት ሲያዩ አንከፈትም ይላሉ፤ በስልኩ ገንዘብ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ። እና ቡትሎደሩ ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶዎቹን መጀመሪያ ገልብጡ።