የነቀዝ ክኒን

በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ የሚራገፍ ብዙ ስንዴ በጭነት መኪና ወደ አገራችን ይጓዛል። እህልን በመጋዘን ከነቀዝ ከሚከላከሉ ዘዴዎች አንዱ በጋዝ መልክ የሚሠራ ፀረ ተባይ ነው። የሚረጭ መድኃኒት የነካውን ተባይ ይገድላል፤ ጋዝ ግን ክምሩን ዘልቆ በፍሬው ውስጥ የተደበቀውን እጭ ጭምር ያገኛል።

በስፋት የሚሠራበት አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን ነው። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች እህሉን በሸራ አጥብቀው ሸፍነው ለቀናት ያቆዩታል፤ ከዚያም ገልጠው ያናፍሱታል። ጋዙ መውጣቱ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አይገባም።

ፎስፊን ነቀዝንና ሰውን አይለይም፤ ማርከሻም የለውም። አገር ቤት ግን ክኒኑን ከገበያ ገዝተው በቆሎና ስንዴ ጆንያ ውስጥ የሚጨምሩ ቤተሰቦች አሉ። ጆንያው መኝታ ክፍል ከተቀመጠ፣ ጋዙ ሌሊቱን የሚተነፈሰው በልጆች ነው። ሙቀትና ወበቅ ባለበት እንደ ጅቡቲ ባለ ቦታ ደግሞ ቶሎ ይወጣል። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ሽታ ጠፋ ማለት ግን አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

ለእረፍት አገር ቤት ስንሄድ ለአያቶቻችን ይህን እንንገራቸው፦ እህሉ በፀሐይ በደንብ ይድረቅ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ፤ ክኒኑ ሰው ከሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይግባ።