ለእረፍት ሄዶ ወጥ መማር፦ የኒው ኦርሊንስ ተሞክሮ

እንደሚታወቀው ጎብኚ ወደ አንድ አገር ሲሄድ ሐውልት ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። አሁን አሁን ግን «አብሉኝ» ብቻ ሳይሆን «አሠራሩንም አሳዩኝ» የሚለው እየበዛ ነው። በትምህርታችን የምግብ ቱሪዝም የምንለው አንዱ ገጽታ ይኸው ነው። ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት የምትገኘው ኒው ኦርሊንስ ናት። ጎብኚዎች እዚያ የኬጀንና የክሪዮል ምግብ አሠራር ይማራሉ።

ለመሆኑ የሁለቱ ልዩነት ምንድነው? ኬጀኖች ቅድመ አያቶቻቸው ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ በእንግሊዞች የተባረሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ሉዊዚያና ገጠር ሰፍረው አካባቢው ባፈራው ነገር ምግባቸውን አዳበሩ። ክሪዮል ደግሞ የከተማው ምግብ ነው፤ ፈረንሳዩም፣ ስፔኑም፣ አፍሪካዊውም፣ የአገሩ ነባር ሕዝብም እጁን አስገብቶበታል።

ትምህርቱ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው አስተማሪው ፊት ለፊት እየሠራ ተማሪው ያያል፣ ይቀምሳል። በሁለተኛው ሽርጥ ታጥቆ ራሱ ይከትፋል፣ ያማስላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው የኒው ኦርሊንስ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ሁለቱንም ይሰጣል። ዋናው ትምህርት «ሩ» የሚባለው ነው፦ ዱቄትና ዘይት እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ማቡላላት። ልክ እንደኛ ቁሌት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካረረ ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል። ከዚያ ሽንኩርት፣ ሰለሪና አረንጓዴ ቃሪያ ይገባሉ።

ታዲያ ከድስቱ ውስጥ ታሪክም ይወጣል። ጋምቦ የሚባለው ታዋቂ ወጥ ስሙ የመጣው ባሚያን ከሚጠራ የአፍሪካ ቃል ነው። ወጡን ለማወፈር የሚነሰነሰው የሳሳፍራስ ቅጠል ዱቄት ደግሞ ከቾክታው ሕዝብ የተወረሰ ነው። በሀብታሞቹ ጓዳ ምድጃው ሥር የቆሙት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። አስተማሪው «የፈረንሳይ ምግብ ነው» ብሎ ቢያልፈው እንግዳው ጠግቦ ይሄዳል፤ ባለሙያዎቹ ግን ተረሱ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ወይዘሮ ሊና ሪቻርድን ማንሳት የሚያስፈልገው። እኚህ ጥቁር አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ኦርሊንስ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያኔ ዘር ከዘር በሕግ የሚለያይበት ዘመን ነበር። ዓላማቸው ሽርሽር አልነበረም፤ ጥቁር ወጣቶች ሙያ ይዘው የተሻለ ደመወዝ እንዲጠይቁ ነበር እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1939 የምግብ መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ በ1949 ደግሞ በቴሌቪዥን ፕሮግራም ማቅረብ ጀመሩ። ዛሬ ጎብኚው ለመዝናናት የሚከፍልበት ሙያ ለእነዚያ ወጣቶች የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ይህ እኛን የሙያው ተማሪዎች ምን ያስተምረናል? የምግብ ትምህርት ለቱሪስት ስናዘጋጅ መጠኑንና ቅመሙን መንገር ብቻ አይበቃም። ምግቡን ማን ፈጠረው? ማን ጠበቀው? ከገቢውስ ለማን ይደርሳል? ነገ እኛም ለእንግዳ ዶሮ ወጥ አሠራር ስናሳይ ሙያውን ያቆዩትን እናቶች ስማቸውን ጠርተን፣ ድርሻቸውንም ከፍለን ቢሆን እንግዳውም የሚወስደው ትዝታ ይበልጥ የተሟላ ይሆናል።