የመኪና ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር መቼ ይሠራል?

በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ፣ የየካቲት ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋበት ወቅት፣ በኒምራ ታላታ ሠፈር ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና የሚያስነሣ ሹፌር፣ ወታደርም ሆነ ሲቪል፣ እጁን አስቀድሞ የሚሰደው ወደ ማቀዝቀዣው ቁልፍ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሞተሩ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማና ኮምፕሬሰሩ ያርፋል። ወዲያውም «ጋዙ አልቋል» ተብሎ ገንዘብ ይወጣል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የችኮላ ነው።

መዘውሩ በቺንጋ አማካይነት ከሞተሩ ጋር ዘወትር ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ራሱ የሚሠራው ግን ማግኔታዊው ፍሪሲዮን ኤሌክትሪክ አግኝቶ ከመዘውሩ ጋር ሲያያይዘው ብቻ ነው። በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ራዲያተር ወደ 0 ዲግሪ ሲቃረብ፣ በረዶ ሠርቶ የአየሩን መተላለፊያ እንዳይዘጋ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ፍሪሲዮኑን ያላቅቀዋል፤ ሲሞቅም መልሶ ያገናኘዋል። ስለዚህ አየሩ እየቀዘቀዘ ኮምፕሬሰሩ መሥራትና ማረፍ መፈራረቁ የጤና ምልክት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

በየጥቂት ሴኮንዱ እየያዘ ቢለቅና አየሩም ባይቀዘቅዝ ግን የጋዙ ማነስ ይጠረጠራል። ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ እንዳይቃጠል የግፊት መቆጣጠሪያው ያቆመዋል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍም እንዲሁ ያቆመዋል፤ ሳይመዘን የተጨመረ ጋዝ እዚህ ላይ ያደርሳል።

የሚያስገርመው በአዲስ አበባ ክረምት የሚታየው ነው። የፊት መስተዋቱ ጉም ሲለብስ ማጥሪያው ከተከፈተ፣ በብዙ መኪኖች ኮምፕሬሰሩ ሹፌሩ ሳያዘው ይነሣል፤ አየሩን የሚያደርቀው እርሱ ነውና።

በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ፍሪሲዮኑ ጭራሽ የለም፤ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ጠብቆ መፍረድ ስለማይቻል የግፊት መለኪያ ያስፈልጋል።