ባፉ ለሚጎርስ ጠመንጃ ተስማሚ ቅባት ስለ መምረጥ

ስለ ቀድሞ ዘመን ጠመንጃ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ብረቱ፥ ባሩዱና የተኳሹ ዓይን ነው። በጥይቱ ላይ ስለሚጠቀለለው ቅባት የነካው እራፊ ጨርቅ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ቅባቱ ያልተስማማው ጠመንጃ ከጥቂት ተኵስ በኋላ አልጎርስም ይላል፤ ቅባቱ ያልተስማማው ወታደርም፥ በ1857 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በሕንድ አገር እንደ ታየው፥ ጠመንጃውን በአለቆቹ ላይ ያዞራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ቅባቱ ለምን እንደሚያስፈልግ፥ ከምን እንደሚዘጋጅና መራጩ ማን ሊሆን እንደሚገባ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ባሩዱ በአፈ ሙዙ በኩል ይጨመራል፤ ከዚያም ድቡልቡሉ የእርሳስ ጥይት ቅባት በጠጣ የተልባ እግር ወይም የጥጥ እራፊ ተጠቅልሎ በዘንግ እየተገፋ ይወርዳል። ጥይቱ ከቱቦው ስፋት በጥቂቱ ያንሳል። ክፍተቱን የሚሞላው፥ በቱቦው ውስጥ የተቀረጹትን ጠምዛዛ ቦዮች ይዞም ጥይቱን የሚያሽከረክረው እራፊው ነው።

ጥቍር ባሩድ በተለመደው አቀማመም ከመቶ 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፥ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ነው። ሲነድም ሁሉ አየር ሆኖ አይጠፋም፤ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጠጣር ነገር ይለወጣል። ከዚህ ከፊሉ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። በውስጡ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት እርጥበት ስለሚስብ ሳይታጠብ ያደረ ቱቦ ይዝጋል። ስለዚህ የቅባቱ ሥራ ጥይቱን ማንሸራተት ብቻ አይደለም፤ ጥላሸቱ ደርቆ እንዳይጠነክር አለስልሶ መያዝ፥ እራፊውንም ከመቃጠል መጠበቅ ጭምር ነው።

ይህን ሥራ ከሚችሉት ነገሮች ሁሉ የሚቀርበው ምራቅ ነው። ወዲያው ለሚተኵስ ሰው ይበቃል፤ አዳኝ ጠመንጃውን አጉርሶ ረጅም ጊዜ ከጠበቀ ግን ምራቁ ወይ ይደርቃል ወይ ባሩዱን ያረጥባል። የቀለጠ ሞራ ይሻላል፤ ነገር ግን ጨው ብረት ስለሚያዝግ ጨው ያልነካው መሆን አለበት። ከዘይቶች የወይራና የጉሎ ዘይት በአየር ስለማይደርቁ ይስማማሉ። የተልባ ዘይት ግን ሠዓሊዎች ለቀለም የሚመርጡት በመድረቁ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመኪና ዘይትም በጥቍር ባሩድ እሳት ሲቃጠል ቅጥራን የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል።

ሞራም ዘይትም በሙቀት ይፈስሳሉ፤ ፈስሰውም ባሩዱን ያበላሻሉ። ይህን የሚከለክለው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል የሚቀልጠው የንብ ሰም ነው። ጧፍ የያዘ ሰው እንደሚያውቀው ግን ሰም ብቻውን በብርድ ይሰባበራል። ስለዚህ አንድ እጅ ሰም ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ ሞራ ጋር በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጦ መጀመር ይቻላል፤ ለቈላ ሰሙን፥ ለደጋ ሞራውን መጨመር ነው። እራፊው ሲነካ ሊለሰልስ እንጂ ሊያንጠባጥብ አይገባም።

እስካሁን የተናገርነው ለብረቱ ስለሚስማማው ነው። ለሰውዬውስ? እንግሊዞች ለሕንድ ወታደሮቻቸው ያመጡት የ1853ቱ ኤንፊልድ ጠመንጃ በእራፊ ፈንታ ባሩዱንና ጥይቱን የያዘውን የወረቀት ጥቅል ይጠቀም ነበር፤ የሚቀባውም ወረቀቱ ነበር። ወታደሩ ጥቅሉን በጥርሱ እንዲቀድ ታዝዞ ነበር። በጥር 1857 በካልካታ አጠገብ በዱም ዱም ቅባቱ የላምና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ላም ለሂንዱ የተቀደሰች፥ አሳማ ለእስላም እርኩስ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ የሌላውን እርድ በማይበላበት በእኛ አገር ላደገ አንባቢ የነገሩ ክብደት ማብራሪያ አይፈልግም።

መንግሥቱ በዚያው ወር መጨረሻ ጥቅሉ ሳይቀባ እንዲታደል፥ ወታደሩም የወደደውን ቅባት ራሱ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። ሰምና የአትክልት ዘይት ሥራውን ይፈጽሙ ስለ ነበር ትእዛዙ በሙያ ረገድ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ዘገየ። ጥርጣሬው ከቅባቱ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። ሚያዝያ 24 ቀን በሜሩት ከ90 ፈረሰኞች 85ቱ፥ የቀረበላቸው የቀድሞው ዓይነት ጥቅል ሆኖ ሳለ፥ አንነካም አሉ። ግንቦት 9 ቀን በጓደኞቻቸው ፊት በእግር ብረት ታሰሩ፤ በማግሥቱ ዐመፁ ፈነዳ። ከዚያ በፊት የተጠራቀመ ሌላም ቅሬታ ነበር፤ በ1856 የአውድ መንግሥት መወሰዱ አንዱ ነው። ቅባቱ ግን ክብሪቱ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው ጥሩ ቅባት ሦስት ነገር እንደሚመሰክር ነው፤ ይኸውም ባሩዱን፥ የአገሩን አየርና የሚጎርሰውን ሰው ማወቅን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሚዛንና በሙቀት መለኪያ እንደርስባቸዋለን። ሦስተኛውን የምናውቀው ግን ሰውዬውን አስቀድመን ስንጠይቀው ብቻ ነው።