የስድስት ሰዓት ተኩሉ ማዕድ

በወልዲያ ከተማ ማኅተም የሌለው፥ መተዳደሪያ ደንብ ያልተጻፈለት፥ ሊቀ መንበርም ሆነ ጸሐፊ ያልተሾመለት፥ ነገር ግን ከመምሪያ ኀላፊው ጀምሮ እስከ ተላላኪው ድረስ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ በየቀኑ ሰብስቦ አብልቶ የሚያሰናብት አንድ ተቋም አለ፤ እርሱም ምሳ ቤቱ ነው። ስለ አድባራቱና ስለ መስጊዶቹ፥ ስለ ገበያውና ስለ ትምህርት ቤቱ የሚጽፍ አልጠፋም፤ ስለ ምሳ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ በብዛት የተጻፈው የዱቤ ደብተር ብቻ ስለ ሆነ፥ ወልዲያ የምትገኝበትን የየጁን አገር ለማያውቅ አንባቢ ይህን ቤት ከነሥርዐቱና ከነልማዱ ልናስተዋውቀው ወደድን።

የቤቱን ጠባይ ለማወቅ አስቀድሞ የሥራውን ሰዓት ማወቅ ያሻል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጧት በ2፡30 ተከፍቶ በ6፡30 ለምሳ ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላም ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ዓርብ ግን ሙስሊሙ ለጁምዓ ሶላት እንዲደርስ የጧቱ ሥራ በ5፡30 ያበቃል፤ ይህ ሁሉ ሲደመር በሳምንት 39 ሰዓት ነው። እንግዲህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ሠራተኛ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ሄዶ፥ እጁን ታጥቦ፥ በልቶ፥ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ወንበሩ መመለስ ስላለበት፥ የምሳ ቤት ምርጫ ከጣዕም በፊት የእግር ጉዳይ ነው። ወልዲያም ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ በመሆንዋ ምሳውን ቁልቁል ወርዶ የበላ ሰው ሽቅብ ሲመለስ የበላውን ግማሽ ለዳገቱ ከፍሎ ይደርሳል።

ምሳ ቤቱ በዚህ አገር የቆየ ነገር አይደለም። ለእንግዳ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ በአባቶቻችን ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና፥ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው እንደ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ከፍለው በመብላት እንዳለማመዷቸው ይተረካል። በየጁ ምድር ይህን ኀፍረት ያስረሳው መንገዱ ነው። ወልዲያ ከአዲስ አበባ 521 ኪሎ ሜትር ርቃ፥ ደሴን ከመቀሌ በሚያገናኘው ጎዳና ላይ ተቀምጣ፥ ኋላም በቻይና መሐንዲሶች እጅ የተሠራው የወረታ መንገድ በጋሸና በኩል መጥቶ ስለ ተገናኛት፥ ሹፌርና ነጋዴ ሳይበላ የማያልፍባት መጋጠሚያ ሆነች። ከሹፌሩ ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ጸሐፊው ነው፤ ቀድሞ የየጁ አውራጃ፥ ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ በመሆንዋ፥ ቤተሰቡን በሌላ ወረዳ ትቶ በዝውውር የሚመጣው ሠራተኛ ብዙ ነውና። በ2004 ዓ.ም. የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ደግሞ መምህራኑ ተጨመሩ። ባለትዳር ሆኖ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ የቀረበው ግን ዛሬም ከሚስቱ ወጥ የሚበልጥ ወጥ መኖሩን በአደባባይ አያምንም።

አዲስ መጤው ሠራተኛ መልካሙን ቤት የሚያውቀው በምንድር ነው? ማስታወቂያ አይጠቅመውም፤ በመንገዱ ዳር ትልቅ ሰሌዳ የሰቀለው ሁሉ «ምርጥ» ነኝ ይላልና። የሚጠቅመው የሰው አፍ ነው፤ ከሰውም ይልቅ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር፤ ይህ ሰው ባለሙያዎችን ለመስክ ሥራ ሲያመላልስ ከቆቦ እስከ ውርጌሳ ያለውን ድስት ሁሉ ቀምሶ የጨረሰ ነው። ጥያቄውና መልሱ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳል።

«ጋሼ፥ ለምሳ የት ይሻላል?»

«የጾም ነው የፍስክ?»

«የጾም።»

«እንግዲያውስ ወደ ታች ውረድና አረንጓዴ ቆርቆሮ በር ታያለህ፤ እዚያ ግባ። ስም የለውም። አብሽር፥ ሰው ሲገባ ስታይ ታውቀዋለህ።»

እንዲህ ያለው ምክር ግን በነጻ የሚዘራ አይደለም። መልካም ቤት የተገኘ እንደ ሆነ ወሬው ከሒሳብ ክፍል ወደ ሰው ሀብት፥ ከሰው ሀብት ወደ መዝገብ ቤት ሲያልፍ ሳምንት ሳይሞላ መቀመጫ ይጠፋል፤ ወጡም ይቀጥናል። ስለዚህ አንዳንዱ ያገኘውን ቤት ለምስጢረኛው ብቻ ይነግራል፤ ለአለቃው ግን ፈጽሞ አይነግርም፤ አለቃ የገባበት ቤት ጨዋታው ይቀዘቅዛልና።

ሹፌሩ አስቀድሞ ያነሣው ጥያቄ የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዐት ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ፍልሰታ 15 ቀን፥ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያትና ጾመ ሐዋርያት ሲታከሉ የዓመቱ ትልቅ ክፍል ከሥጋና ከቅቤ የተለየ ይሆናል። በአንጻሩ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብም ይበላባቸዋል፤ ያን ጊዜ የሽሮው ድስት ያንሳል፥ የቅቅሉ ያድጋል። ባለቤትዋ ማልዳ ወደ ገበያ ስትወጣ ባሕረ ሐሳብን በልብዋ ይዛ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀኑን የሳተች እንደ ሆነ ዱለቱ ይዞባት ያድራል።

አሁን ወደ ወሎ ልዩ ነገር እንግባ። እንደሚታወቀው ክርስቲያኑ የሙስሊምን ዕርድ፥ ሙስሊሙም የክርስቲያንን ዕርድ አይበላም፤ ስለዚህም ሥጋ ቤቱ መስቀል ወይም ጨረቃ በበሩ ላይ አድርጎ ማንነቱን ያስታውቃል። በጧቱ ሰዓት በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ መዝገብ ሲያገላብጡ የነበሩ ሁለት ባልደረቦች፥ ማክሰኞ ቀን ጥብስ ቢያምራቸው በመንገዱ መካከል ተሰነባብተው አንዱ ወደ ግራ፥ አንዱ ወደ ቀኝ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል። ረቡዕ ግን ሌላ ነው። ጾሙ ለአንደኛው ብቻ የታዘዘ ሲሆን፥ ማዕዱ ሁለቱንም ያገናኛል፤ በበያይነቱ ትሪ ዙሪያ አንዱ «በስመ አብ»፥ ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ ከአንድ እንጀራ ይቆርሳል፤ ጉርሻውም ከእጅ ወደ አፍ ያለ ጥርጥር ያልፋል። ጾም የመከልከል ሥርዐት እንደ ሆነ ሁላችን ተምረናል፤ በወልዲያና በጎረቤትዋ በመርሳ ምሳ ቤቶች ግን ቢሮውን በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጠው እርሱ ነው። በቤት ድግስ ጊዜ ወሎዬ ለዚህ ነገር መላ አበጅቶለታል፤ ባለሠርጉ ሙስሊም ቢሆን ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል፥ ክርስቲያኑም እንዲሁ ያደርጋል። ምሳ ቤት ግን ሁለት ጊዜ የሚያርድበት ዐቅም ስለሌለው ነገሩን በሽሮ ይፈታዋል።

ይህ ማዕድ እንዴት እንደሚቀርብ ቀረብ ብለን እንይ። እንጀራው በትሪው ላይ ይዘረጋል፤ አቅራቢዋ በመጀመሪያ የማይፈስሰውን፥ ማለት ጎመኑን፥ ድንቹን በቀይ ሥር፥ ፎሶሊያውን፥ በዳር በዳሩ ታስቀምጣለች፤ ቀጥላ ምስር ወጡንና ክክ አልጫውን በጭልፋ ጀርባ ገታ እያደረገች በመካከላቸው ታሰፍራለች፤ ስንግ ቃሪያውን በአንድ ጎን ታጋድማለች፤ ሽሮውን በመጨረሻ መሃል ላይ ታፈስሰዋለች፤ ቀድማ ብታፈስሰው ሁሉን ያጥለቀልቀዋልና። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ጸሐፊ አንድን ቤት የሚመዝነው በአልጫው ነው፤ በርበሬ የብዙ ወጥ ቤት ኀጢአት ይሸፍናል፤ አልጫ ግን መሸሸጊያ ስለሌለው ሽንኩርቱ በቅጡ ያልበሰለ እንደ ሆነ ወዲያው ይመሰክራል። ተጋቢኖ የሚባለው ሽሮ ደግሞ በምጣዱ እየተንተከተከ ለብቻው ይመጣል፤ ችኩል ሠራተኛ ምላሱን የሚያቃጥለው በእርሱ ነው።

ስለ ሒሳቡ ጥቂት እንበል። ላጤው ሠራተኛ የወሩን ምሳና ራት ከባለቤትዋ ጋር ተስማምቶ በኮንትራት ይበላል፤ ሌላው በዱቤ ይበላና ስሙ በደብተር ይመዘገባል፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት ደብተሩ ተገልጦ ይታረቃሉ። ጥሬ ገንዘብ የያዙት ሲገናኙ ክርክሩ ሌላ ነው፤ «በሞቴ የኔ ነው» የሚል ድምፅና የተዘረጋ እጅ ሳይታይ ሒሳብ የተከፈለበት ማዕድ በወሎ እንደ ጠብ ይቆጠራል። ኑሮው እየከበደ ሲመጣ ግን ልማዱ መልኩን ለውጧል፤ አንድ በያይነቱ ለሁለት አዝዞ ጭማሪ እንጀራ መጠየቅ ዛሬ አያሳፍርም፤ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ የሚመጣው በዝቷል፤ በግቢያቸው የሠራተኛ ክበብ ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም ዋጋው ዝቅ ስለሚል ወረፋው ረዝሟል። የክበብ ወጥ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ዋጋውን የሚመስልበት ቀን ብዙ ነው።

ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የሀብሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ ወደ ሆነችው መርሳ ስንደርስ ምሳው ጠባዩን ይለውጣል። ወልዲያ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን መርሳ ወደ 1600 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱም ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰውን ወደ ዛፍ ጥላ ይነዳል። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፥ የግብርና ኮሌጁና የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ ሠራተኞች እዚህ ምሳቸውን አጠር አድርገው ጊዜውን ለጭማቂ ቤት ያተርፋሉ። በመስኖ የሚለማው የሀብሩ ቆላ ማንጎና ብርቱካን፥ ፓፓያና ሙዝ ያወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ በመኪና ተንገላትቶ የሚደርሰው ማንጎ እዚህ ከዛፉ በወረደበት ቀን ይጨመቃል፤ በብርጭቆው ውስጥ ማንኪያ ቢተክሉበት ይቆማል። የወልዲያ ሹፌር የመስክ ጉዞውን በመርሳ በኩል ለማድረግ ምክንያት የማያጣው ስለዚህ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል፥ በዚያው በሀብሩ ወረዳ፥ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። የምሳ ቤት ነገር ሲነሣ ምርምር ጣቢያ ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር ትሪውን ይመልከት። በቆላው የሚበላው እንጀራ ከጤፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ ማሽላ ነው፤ ማዕከሉም ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ቀድመው የሚደርሱ እንደ ግራና 1 ያሉ የማሽላ ዝርያዎችን ማውጣቱ ነው። ሀብሩ የሚለውም ስም በሽምብራ ላይ ይገኛል፤ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አንዱ በዚህ ስም ይጠራል። ገበሬው ግን ከአባቱ የተቀበለውን «ወተት በጉንጬ» የተባለውን ማሽላ አልተወም፤ እሸቱ በደረሰ ጊዜ ተጠብሶ ሲቀርብ፥ የቢሮው ሰው ምሳ ቤቱን ትቶ ከመንገድ ዳር እሸት እየፈለፈለ ሰዓቱን ያሳልፋል። እውነትም ጣፋጭ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ የሰሜኑ ጦርነት በነዚህ ከተሞች ላይ በወደቀ ጊዜ መሥሪያ ቤቶቹ ተዘግተው፥ ደመወዝ ተቋርጦ፥ ምሳ ቤቱም እንደ ሁሉ ቤት ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ የተመለሰው ከትልልቁ ሆቴል ቀድሞ ትንሹ ሽሮ ቤት ነው፤ ለእርሱ ከሰል፥ ምጣድና ጥቂት ሽሮ ይበቃዋልና።

በረመዳን ወር የቀኑ ገበያ ይቀንሳል፤ ሙስሊሞቹ ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ ቀን ዘግተው ለማግሪብ ይከፍታሉ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2፥ ስለ ገቡ፥ አንዱ ባልደረባ ማግሪብን፥ ሌላው የቅዳሴውን መውጫ ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቀ፥ በስድስት ሰዓት ተኩል ሁለቱም ከወንበራቸው ሳይነሡ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ የዋሉባቸው መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። በሌላው ጊዜ ግን ወደዚህ አገር ለሥራ የሚመጣ እንግዳ ረቡዕ ቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል ሳያሳልፍ ይግባ፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሽሮው አልቆ ምስሩ ይጠረጋል፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው የሚቀርበው ፓስታ በአትክልት ነው፤ እርሱንም አሳላፊዋ «ቆንጆ ነው» እያለች ታመጣለታለች።