የፍርስራሹ ሠዓሊና ብቸኝነት

በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ሮኮኮ በሚባለው ስልት የሠሩት ሠዓሊዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩን የመኳንንቱን ጨዋታ፥ የአትክልቱን ሥፍራና የሐር ልብሱን ነው። በዚያው ዘመን ግን ዓይኑን ከግብዣው መልሶ ወደ ፈረሰ ግንብ ያዞረ አንድ ሠዓሊ እናገኛለን፤ ስሙም ኡበር ሮበር ይባላል።

ሮበር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1733 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። በ1754 ወደ ሮማ ሄዶ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ በቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ተቀብረው የኖሩት ሄርኩላኔዎምና ፖምፔይ እየተቈፈሩ ስለ ነበር፥ የጥንቱ ፍርስራሽ የአውሮፓ ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። እርሱንም ሰዎች «የፍርስራሹ ሮበር» እያሉ ጠሩት።

በሥዕሎቹ ውስጥ የጥንቱ የሮማ ግንብ ተሰንጥቆ ሣር በቅሎበት፥ ከሥሩም ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ እናያለን። ፈላስፋው ዲደሮ በ1767 ለሕዝብ የቀረቡትን ሥዕሎች አይቶ አደነቀ፤ ነገር ግን ሰው በዛባቸው ሲል ነቀፈ። በእርሱ አሳብ፥ ፍርስራሽ ሁሉ አላፊ መሆኑን የሚነግረው ብቻውን ለቆመ ሰው ነው።

ሮበር ብቸኝነትን ኋላ ሳይወድ ቀመሳት። በአብዮቱ ዘመን በ1793 ታሰረ፤ በወኅኒ ቤትም ሳለ በሳሕን ላይ ሳይቀር ይሥል ነበር። በ1794 ሮቤስፒየር ከወደቀ በኋላ ተፈታ።

ከዚያም ከሉቭር ሙዚየም ጠባቂዎች አንዱ ሆኖ ሲሠራ፥ በ1796 ሁለት ሥዕሎች አቀረበ። አንደኛው ታላቁ አዳራሽ ታድሶ ብርሃን ከጣራው ሲገባለት ያሳያል። ሁለተኛው ግን ያው አዳራሽ ጣራው ተንዶ ሰማዩ ሲታይበት ነው። በፍርስራሹም መካከል አንድ ሠዓሊ ተቀምጦ፥ ሳይሰበር የቀረውን የአፖሎን ሐውልት ይሥላል።

እንግዲህ ልብ እንበል። የሚጠብቀው ቤት አንድ ቀን እንደሚፈርስ ሮበር ያውቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ የእድሳቱን ሥራ አልተወም። እኛም በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች፥ የሥራችንን አላፊነት ማወቅ ከትዕቢት ይጠብቀን እንጂ ለስንፍና ምክንያት አይሁነን። ሁሉ ሲፈርስ እንኳ ተቀምጦ የሚማር አንድ ሰው ከተገኘ፥ የቀደሙት ድካም ከንቱ አልሆነም።