ላይክሊክ፣ ዲያነትና መጅሊስ፦ የቱርክ የፖለቲካ ርዕዮተ ዓለሞች ከአዲስ አበባ ሲታዩ

በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ስለ ቱርክ የሚነገረው ታሪክ አጭርና ቀላል ነው። ኸሊፋነት በ1924 ፈረሰ፤ እስልምና ከመንግሥት ተባረረ፤ ከ2002 ወዲህ ደግሞ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በወሎ ሰፈር ሻይ ቤቶች ከመግሪብ በኋላ የሚነሣው ክርክርም ሆነ በኤርቱግሩል ድራማ ያደገው ወጣት የሚይዘው ሥዕል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ አተራረክ ግን አንድ ተቋም ይዘላል። እርሱም የሃይማኖት ጉዳዮች አስተዳደር፣ በቱርክኛ አጠራሩ ዲያነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የቱርክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ “ዓ.ም.” ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

በዑስማኒያ መንግሥት መጨረሻ ዘመን የነበረውን የአስተሳሰብ ትግል ከሁሉ አጥርቶ ያስቀመጠው ዩሱፍ አክቹራ ነው። በ1904 በካይሮ ይታተም በነበረው “ቱርክ” በተባለ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በመንግሥቱ ፊት ሦስት መንገዶች እንዳሉ አሳየ። አንደኛው የልዩ ልዩ ሃይማኖትና ዘር ተገዢዎችን በአንድ ዜግነት የሚያስተባብረው ዑስማኒያዊነት፣ ሁለተኛው ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ የተመረኮዙበት የሙስሊሞች አንድነት፣ ሦስተኛው በዘርና በቋንቋ ላይ የቆመው ቱርካዊነት ነው። የመጀመሪያውን የ1912 እና የ1913 የባልካን ጦርነቶች ሰበሩት። ሁለተኛው በኅዳር 1914 በሸይኹል ኢስላሙ የጂሃድ ፈትዋ የመጨረሻ ፈተናውን ወሰደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመካው ሸሪፍ በዑስማኒያ ላይ ሲያምፅ ደግሞ ድካሙ ተገለጠ።

የዚያ ፈትዋ ማስተጋቢያ ከእኛም ደርሷል። የዑስማኒያው ቆንስል መዝሃር ቤይ የወሎውን የንጉሥ ሚካኤልን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወደ መንግሥቱ ጎራ ለመሳብ ደክሟል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል ተብለው ከሥልጣን ሲወርዱ ይህ ወዳጅነት ከክሱ ጀርባ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ልጅ ኢያሱ እምነት ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። በእኔ ግምት ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ፈትዋውን የሰጠው ማን ነበር የሚለው ነው። ሸይኹል ኢስላሙ የካቢኔ አባልና በመንግሥት የሚሾም ባለሥልጣን ነበር። ቃዲውም ሙፍቲውም በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ደረጃና ደመወዝ ነበራቸው። ሪፐብሊኩ የወረሰው እንዲህ ያለውን የዑለማእ መደብ ነው።

መጋቢት 3 ቀን 1924 በአንካራ በአንድ ቀን ሦስት ሕጎች ጸደቁ። ኸሊፋነት ተሻረ፤ ትምህርት ሁሉ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ገብቶ የመድረሳዎች መዘጋት ተከተለ፤ የሸሪዓና የአውቃፍ ሚኒስቴር ፈርሶ በምትኩ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሆነው ዲያነት ተቋቋመ። እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት ነው የሚለው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ የወጣው በ1928፣ “ላይክሊክ” ከአታቱርክ ፓርቲ ስድስት ቀስቶች እንደ አንዱ የገባው ደግሞ በ1937 ነው። ሐሳቡን ሪፐብሊካውያኑ ከፈረንሳይ ወሰዱት ይባላል፤ ቃሉ በእርግጥ የፈረንሳይ ነው። ፈረንሳይ ግን በ1905 ሕጓ ለካህናት ደመወዝ መክፈል አቆመች። ቱርክ ሙፍቲ መሾሟን ቀጠለች። በአማርኛ “ዓለማዊነት” ብለን ስንተረጉመው ሃይማኖት የለሽነትን የሚያሰማ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስባል። ላይክሊክ በተግባር ሃይማኖትን የማስተዳደር ሥርዓት ነበር። ከ1932 ጀምሮ አዛን በቱርክኛ እንዲሰማ ያዘዘ መንግሥት ከሃይማኖት ተለይቷል ማለት አስቸጋሪ ነው።

በግንቦት 1950 በምርጫ ያሸነፈው የአድናን ሜንደሬስ ዴሞክራት ፓርቲ በአንድ ወር ውስጥ የዐረብኛውን አዛን መለሰ። ዲያነትን ግን አልነካም። የከማሊዝም ጠባቂ ነን ያሉት የ1980 መፈንቅለ መንግሥት ጄነራሎችም፣ ግራ ዘመሞችን ለመመከት ከ“ቱርክ-እስላም ጥምረት” ሐሳብ ተበድረው፣ በ1982ቱ ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርትን በትምህርት ቤቶች ግዴታ አደረጉ። የዲያነትንም ዓላማ ከብሔራዊ አንድነት ጋር አሰሩት። ይህን ያደረጉት ወታደሮች እንጂ እስላማዊ ፓርቲ አለመሆኑ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እስላማዊው ጎራ በበኩሉ በነጅሙዲን ኤርባካን መሪነት ከ1970 ጀምሮ ፓርቲ እያቋቋመ፣ ፍርድ ቤት እየዘጋበት ተጓዘ። ሬፋህ ፓርቲ በየካቲት 1997 በጦሩ ግፊት ከሥልጣን መውረድ ጀመረ፤ በጥር 1998 ተዘጋ። ከዚህ ልምድ የወጡት ወጣት ፖለቲከኞች በነሐሴ 2001 ፍትሕና ልማት ፓርቲን ሲመሠርቱ እስላማዊ ነን አላሉም፤ ራሳቸውን “ወግ አጥባቂ ዴሞክራቶች” አሉ። በኅዳር 2002 ምርጫ 34 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው፣ አሥር በመቶ በሚጠይቀው የምርጫ ሕግ ምክንያት፣ ከምክር ቤቱ መቀመጫ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ያዙ። በሴቶች ሒጃብ ላይ የነበረውን ክልከላ ከዩኒቨርሲቲና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አነሡ፤ ይህ ለብዙ ሙስሊማት እውነተኛ እፎይታ ነው። ኤርዶጋን ግን በመስከረም 2011 ካይሮ ላይ ግብፃውያንን ላይክ መንግሥት እንዲያቋቁሙ መክረው ኢኽዋኖችን አስቀይመዋል። ዲያነትም አልፈረሰም፤ ከ100,000 በላይ ሠራተኞች ያሉት ግዙፍ መሥሪያ ቤት ሆነ። የጀም ቤቶቻቸው እንደ መስጊድ ያልታወቁላቸው የአሌዊዎች ቅሬታም በአታቱርክ ፓርቲም በኤርዶጋን ፓርቲም ዘመን ያው ነው። ርዕዮተ ዓለሙ ተለወጠ፤ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

በእኛ አገር መነሻው ሌላ ነው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ፣ ክርስቲያን ወገኖችም የተቀላቀሉበት፣ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየትን የጠየቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ በቱርክ ለብዙ ዲንደኞች የጭቆና ስም የነበረው ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሙስሊም የእኩልነት ጥያቄ ነበር። ሁለቱን አገሮች በአንድ ሚዛን የሚመዝኑ ወንድሞች ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዋና ክርክር ግን በትክክል የዲያነት ጥያቄ ነበር፦ መጅሊሱን የሚመርጠው ማን ነው? በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሣው እንቅስቃሴ ምርጫው በመስጊድ ይሁን ሲል፣ በ2005 ዓ.ም. ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ። ብዙዎች ታሰሩ። የቱርክ ሕግ ኢማሙ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የእኛ ሕግ ይህን ይከለክላል፤ ስለዚህ ጣልቃ ገብነቱ ሲኖር ስም አልነበረውም፣ ስም የሌለውን ነገር ደግሞ በፍርድ ቤት መሞገት ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 ጠቅላይ ምክር ቤቱ በራሱ የቆመ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው።

አዋጁ የማይመልሰው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአንካራ ኢማም በየወሩ የመንግሥት ደመወዝ ይቀበላል፤ ጡረታ አለው፤ የጁሙዓ ኹጥባው አቅጣጫም ከላይ ይመጣለታል። በከተማችን ያለው ኢማም በአብዛኛው የሚተዳደረው ጀመዓው በሚያዋጣው ነው፤ ኹጥባውን ራሱ ያዘጋጃል፤ ሲታመም ደግሞ ለመታከሚያው ከሶፍ መካከል ተነሥቶ ገንዘብ የሚሰበስብለት ሰው ይፈለጋል። አውቃፍ በስሙ የተመዘገበለትና ኪራይ የሚገባለት መስጊድ ከዚህ ችግር ይወጣል። በቱርክ መንግሥት በ1924 በመጀመሪያ ከወሰዳቸው ነገሮች አንዱም አውቃፉ ነበር።